የገጠር ጤና ጣቢያ ባለሙያ አልበረክት ሲል ሕግ ምን ያህል ይረዳል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «በጅማ ዞን የአንድ ወረዳ ምክር ቤት አባል ነኝ። በወረዳችን ጤና ጣቢያዎች የሚመደቡ አዋላጅ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ጅማ ከተማ ይዛወራሉ፣ አለዚያም ጥለው ይሄዳሉ። ክልሉ ማንኛውም የጤና ባለሙያ አምስት ዓመት ሳያገለግል እንዳይለቅ የሚያስገድድ አዋጅ ቢያወጣ ችግሩ አይፈታም ወይ? እኛስ በወረዳ ደረጃ የምንችለው ነገር አለ?»

ምላሽ፦

ማስገደጃው ብቻውን አይፈታውም። በጀትና የማብቂያ ቀን ሳይኖረው ከወጣማ ሊመጡ ያሰቡትንም ያስቀራል። ሕጉ የሚሠራው ባለሙያው የት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ክፍያ እንደሚቆይና መቼ እንደሚለቀቅ አስቀድሞ ካወቀ፣ ለዚህም የሚከፍለው አካል በስም ከተጠቀሰ ነው። ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ አዎ ነው፤ ወረዳው አዋጅ ሳይጠብቅ የሚሠራቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ ይለይ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(3) መሠረት የጤናን አገር አቀፍ ደረጃና መሠረታዊ የፖሊሲ መመዘኛ የሚያወጣው የፌዴራል መንግሥት ነው። የክልሉን ሠራተኞች አስተዳደርና የሥራ ሁኔታ የሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ደግሞ በአንቀጽ 52(2)(ረ) ለክልሎች ተሰጥቷል፤ ለሥራ መደቡ የሚጠየቀው ትምህርትና ልምድ ግን ከአገር አቀፉ ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት። ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት፣ ጨፌ ኦሮሚያ፣ የጤና መኮንንን የትምህርት ደረጃ ዝቅ አድርጎ ክፍት መደብ መሙላት አይችልም። «በዚህ ዓይነት ቦታ የሚሠራ ጤና መኮንን ይህን ያህል አበል ያገኛል፣ ይህን ያህል ካገለገለ በኋላ ዝውውር መብቱ ነው» ብሎ መደንገግ ግን ይችላል። የወረዳ ምክር ቤት የደመወዝ ስኬል አይነካም፤ ከክልሉ የሚደርሰውን ጥቅል በጀት ግን የሚደለድለው እሱ ነው። ጤና ጣቢያው በበኩሉ የአስተዳደር ቦርድና የውስጥ ገቢ አለው። ሐሳብዎን ለትክክለኛው አካል ካላቀረቡ «አይመለከተንም» የሚል ደብዳቤ ይደርስዎታል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ሕግ ከማሰብ በፊት ደግሞ ይቁጠሩ። በአገሪቱ የጤና መዋቅር አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሕዝብ ያገለግላል፤ በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎች ይኖሩታል፤ የሠራተኛው ቁጥር ደግሞ በአማካይ 20 ተብሎ ታቅዷል። ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው የሚይዝ ሲሆን ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይመደቡበታል። 150,000 ሕዝብ ላለው ወረዳ ይህ ቢያንስ 6 ጤና ጣቢያ፣ 30 ጤና ኬላ፣ 120 የጤና ጣቢያ ሠራተኛና 60 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማለት ነው። የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት የሰው ኃይል መዝገብ ከዚህ ጋር ያመሳክሩ። በመዋቅሩ ያለው መደብ፣ በጀት የተያዘለት መደብ፣ ሰው ያለበት መደብና ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ የተገኘው ሰው አራት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ለየብቻ ይጻፏቸው። «ባለሙያ ይለቅብናል» የሚል ወረዳ ሲቆጥር ግማሹ ክፍተት በጀት ያልተያዘለት መደብ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ለዚህ ክፍተት ማስገደጃ አዋጅ ምንም አይፈይድም።

የማዋለጃ ክፍሉን ለብቻው ያስሉት፤ ብዙው ነገር የሚበላሸው እዚያ ነው። አንድ ሰው ሌት ተቀን የማይጠፋበት ቦታ በዓመት 8,760 ሰዓት ይፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት 39 ነው። ከ52 ሳምንት ላይ አራት ሳምንት የዓመት ፈቃድ፣ ሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ በዓላት፣ ሁለት ሳምንት ሥልጠና ሲቀነስ 43 ሳምንት ተኩል ያህል ይቀራል፤ ይህም 1,700 ሰዓት አካባቢ ነው። 8,760ን ለ1,700 ሲያካፍሉ ከአምስት ይበልጣል። አንድ አዋላጅ ሁልጊዜ እንድትገኝ ቢያንስ አምስት አዋላጆች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። ሁለት ብቻ ባሉበት ጤና ጣቢያ እያንዳንዷ በሳምንት 84 ሰዓት ትታሰራለች፤ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ለአራት ወር ብቻዋን ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ሁለተኛዋም መልቀቂያ ብትጠይቅ ምክንያቱ የሥነ ምግባር ጉድለት አይደለም፣ የሒሳብ ነው። ስለዚህ በሕጉ ውስጥ ከሁሉ በፊት እንዲገባ የምመክረው አንድ አጭር አንቀጽ አለ፦ የወሊድ ፈቃድ የወጣች ወይም ከሦስት ወር ለሚበልጥ ሥልጠና የሄደ ባለሙያ መደብ በኮንትራት ቅጥር ወዲያውኑ እንዲሸፈን፣ ለዚህም የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ሌላ ፈቃድ ሳይጠይቅ እንዲከፍል። ወጪው ትንሽ ነው፤ በብዙ ረቂቆች ውስጥ ግን ማንም አያስበውም።

አሁን ወደ ማስገደጃው። ሌሎች አገሮች ሞክረውታል፤ ውጤቱ እንደ አጻጻፉ ይለያያል። ታይላንድ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ሐኪሞች ሦስት ዓመት በመንግሥት ተቋም፣ በአብዛኛው በገጠር፣ እንዲያገለግሉ ታስገድዳለች፤ ላፈረሰ ለረጅም ጊዜ የቆየው ቅጣት 400,000 ባት ነበር። የግል ሆስፒታሎች ደመወዝ ሲያድግ ቅጣቱን ከፍሎ መውጣት ቀላል ሆነ። አገሪቱም በርቀት ደረጃ የሚጨምር አበልና ከገጠር ተማሪ መልምሎ ወደ ገጠር የሚመልስ ፕሮግራም ጨመረችበት። ጃፓን በተመሳሳይ ዓመት ጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲን ስታቋቁም ሌላ መንገድ ይዛለች። እያንዳንዱ አውራጃ የራሱን ተማሪዎች ይልካል፣ የትምህርት ወጪያቸውን ይሸፍናል፤ ተመራቂው ደግሞ የተማረበትን ጊዜ አንድ ጊዜ ተኩል፣ ማለትም ዘጠኝ ዓመት፣ ላከው አውራጃ ያገለግላል። ጊዜው ረጅም ነው፤ ቢሆንም አብዛኞቹ ይጨርሱታል። ውሉን የገቡት ከመማራቸው በፊት በመሆኑና የሚመለሱትም ወደ ትውልድ አካባቢያቸው በመሆኑ ይመስለኛል።

እርስዎ ያሰቡት «ማንም አምስት ዓመት ሳይሞላው አይለቅም» የሚለው ሰውን ከተቀጠረ በኋላ የሚያስር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 የግዳጅ ሥራን ይከለክላል። ሰውን በሥራ ላይ በሕጋዊ መንገድ ማቆየት የሚቻለው በፈቃዱ በገባው ውል፣ ያም ውል በሰጠው ጥቅም ልክ ነው። የትምህርት ማስረጃን ይዞ ማስቀረት በአገራችን ሲሠራበት የቆየ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ያስከትላል። ባለሙያው ለሁለተኛ ዲግሪ መወዳደር ስለማይችል ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል፣ ወይም ሙያውን ትቶ ወደ ንግድ ይገባል። ሁለቱም ሌሊት ለመጣች ወላድ አይጠቅሙም።

ስለዚህ ውሉ እንዲህ ቢቀረጽ ይሻላል። ዘመኑ አጭር ይሁን፦ በመካከለኛ ርቀት ሦስት ዓመት፣ በጣም ሩቅ በሆነው ሁለት ዓመት። ውሉን ያቋረጠ የሚመልሰው የቀረውን ያህል ብቻ ይሁን፤ 36 ወር የገባ ሰው በ20ኛው ወር ቢሄድ ከተሰጠው የትምህርት ድጋፍ 16/36 ይመልሳል። ሙሉውን እንዲመልስ የሚያስገድድ ውል 20 ወር ያገለገለውንና በሁለተኛው ሳምንት የጠፋውን እኩል ያደርጋል፤ ይህን ያየ ሁሉ ቶሎ መሄድን ይመርጣል። ዋናው ደግሞ የመልቀቂያው አንቀጽ ነው፦ ዘመኑን የጨረሰ ባለሙያ ባመለከተ በ30 ቀን ውስጥ ዝውውሩ ካልተሰጠው፣ ተተኪ ቢገኝም ባይገኝም፣ እንደተፈቀደ ይቆጠር። የወረዳ ኃላፊዎች ይህን አንቀጽ አይወዱትም፤ «ተተኪ ሳላገኝ እንዴት እለቃለሁ» ይላሉ። ግን ሩቅ ቦታ የገባ አይወጣም የሚለው ወሬ አንዴ ከተዛመተ በፈቃዱ የሚመጣ አይገኝም።

«ሩቅ» የሚለው ቃል በሕጉ ካልተለካ ደግሞ ሁሉም ወረዳ ሩቅ ይሆናል፤ አበሉም ይበታተናል። መለኪያው ከዞን ከተማ ያለው ኪሎ ሜትር አይሁን። ለጅማ ቅርብ የሆነችው መና ወረዳና ዳር ላይ ያለችው ሲግሞ ወረዳ እንደማይስተካከሉ ማንም ያውቃል፤ ነገር ግን በአንድ ወረዳ ውስጥም ከአስፋልት ዳር ያለ ጤና ጣቢያና ወንዝ ማዶ ያለ ጤና ጣቢያ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ደረጃ የሚሰጠው ለወረዳው ሳይሆን ለጤና ጣቢያው ነው። ነጥብ የሚሰጥባቸው ነገሮች ጥቂትና በዓይን የሚታዩ ይሁኑ፦ በነሐሴ ወር አምቡላንስ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል የሚፈጅበት ሰዓት፣ መብራት፣ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ፣ የስልክ ኔትወርክ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ባንክ። የክረምቱን ሰዓት እንጂ የበጋውን አይውሰዱ፤ በጥር 40 ደቂቃ የሆነው መንገድ በነሐሴ ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል። ደረጃው በየሦስት ዓመቱ ይከለስ፤ መንገድ ተሠርቶለት ቅርብ የሆነው እየወረደ ካልሄደ ገንዘቡ ለአዲሱ ሩቅ አይደርስም። ደረጃ ሰጪው ወረዳው ራሱ እንዳይሆን፤ ዞኑ ይስጠው፣ ሌላ ዞን ያጣራው።

ስለ ገንዘብ። የአበሉን መጠን በብር በአዋጅ ውስጥ አያስገቡት። የዋጋ ንረት በሁለት ዓመት ይበላዋል፤ አዋጅ ለማሻሻል ደግሞ ጨፌው ድረስ መመለስ አለ። አዋጁ መብቱንና የበጀት ምንጩን ይደንግግ፤ በመቶኛ የሚሰላው መጠን በክልሉ መስተዳድር ምክር ቤት ደንብ ይውጣ፤ ቅጹና የአከፋፈል ሥርዓቱ በጤና ቢሮው መመሪያ ይውጣ። ወጪውን ለማሳየት ብር መጥራትም አያስፈልግም። በወረዳው ሁለት በጣም ሩቅ ጤና ጣቢያዎች ቢኖሩና 40 ሠራተኞች የመሠረታዊ ደመወዛቸውን 30 በመቶ ቢያገኙ፣ ወጪው 12 አማካይ ሠራተኛ ከመቅጠር ጋር እኩል ነው። ምክር ቤቱ የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ 12 ሰው ቀጥረን ይልቀቁብን ወይስ 40ውን እናቆይ? እንዲህ ሲቀርብ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱም ይሰማል።

የተረኝነት ክፍያ ውዝፍ ከአበል ማነስ የበለጠ ሰው ያባርራል። ወረዳው በጀት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆርጠው ይህን የተረኝነት ክፍያ፣ በተለምዶ ዲዩቲ የሚባለውን፣ ነው፤ ደመወዝ ካልተከፈለ ወዲያው ጩኸት ይነሣል፣ የዲዩቲው ግን ለወራት ሊድበሰበስ ይችላል። ብዙዎች መፍትሔውን ከጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ ይፈልጉታል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ክልሎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ያወጧቸው የጤና አገልግሎት አሰጣጥና አስተዳደር አዋጆች ጤና ተቋማት ገቢያቸውን ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ፈቅደዋል፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ነገር ግን ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የቲቢና የኤች አይ ቪ ሕክምና በነፃ የሚሰጡ ናቸው፤ ይህም ትክክል ነው። ውጤቱ ሌሊት የሚሠራው ዋነኛው ሥራ አንድ ሳንቲም አያስገባም። የውስጥ ገቢው ከካርድ፣ ከላቦራቶሪና ከመድኃኒት የሚመጣ ስለሆነ ተመልሶ መድኃኒት መግዛት አለበት። ለዲዩቲ ካዋሉት ከወራት በኋላ የመድኃኒት መደርደሪያው ይራቆታል፤ ታካሚውም በቀጥታ ጅማ ይሄዳል፤ ገቢው ደግሞ ይበልጥ ይወድቃል። የገቢው ዓላማ ከመንግሥት በጀት ላይ ተጨማሪ መሆን እንጂ ምትክ መሆን አይደለም። ሕጉ የተረኝነት ክፍያን ከደመወዝ ጋር በአንድ የበጀት መደብ አስሮ፣ ወደ ሌላ ማዛወርን ቢከለክል ይበቃል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም እዚህ ውስጥ አለ። የዞናችሁ ሊሙ ኮሳ ሥርዓቱ በ2003 ዓ.ም. ከተጀመረባቸው 13 የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። መድኅኑ ለጤና ጣቢያው የሚመልሰው ክፍያ በወቅቱ ከደረሰ መድኃኒት ይገዛል፤ መድኃኒት ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ ባለሙያውም አይሸማቀቅበትም። ባዶ መደርደሪያ ፊት ቀኑን ሙሉ «ከውጭ ግዙ» እያለ የሚጽፍ ጤና መኮንን በአበል ብቻ አይቆይም። ምክር ቤቱ በየሩብ ዓመቱ የመድኅኑን ክፍያ ውዝፍ በወራት ቆጥሮ ሪፖርት ይጠይቅ።

አዋጅ ሳትጠብቁ ልትሠሩት የምትችሉት ትልቁ ነገር መኖሪያ ቤት ነው። በጤና ጣቢያው ግቢ ወይም በእግር አምስት ደቂቃ በማይሞላ ቦታ አራት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ጥንድ የጋራ ማድቤት፣ የውሃ ታንከር፣ የሚቆለፍ በር፣ ከሶላር የሚሠራ መብራት። መሬቱን ቀበሌው ይሰጣል፤ ድንጋይ፣ እንጨትና ጉልበት በኅብረተሰብ ተሳትፎ ይሸፈናል፤ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና የአናጢ ዋጋ ከወረዳው የካፒታል በጀት ይወጣል። ለጅማ በሚቀርቡ ወረዳዎች ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ሠራተኛው ከተማ እያደረ በሚኒባስ ይመላለሳል፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው በጥበቃ ብቻ ይቀራል። በቁጥጥር ወረቀት ይህን ያስተካከለ አላየሁም፤ የሚያድርበት ቤት ያስተካክለዋል። ቤቱ ሲሠራ ግን የአጠቃቀም ደንቡም አብሮ ይጽደቅ፦ ቅድሚያ ለተረኛ አዋላጅ፣ ቀጥሎ ለጤና መኮንን፤ የአስተዳደር ሠራተኛ አይገባበትም፤ የተዛወረ ሰው በ15 ቀን ቁልፍ ይመልሳል። ይህ ካልተጻፈ በዓመቱ ውስጥ የቀበሌ ሹም ወይም የዘመድ ቤት ሆኖ ይገኛል። ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ ለሚቆዩበት ለወላድ ማቆያው የታሰበውን ክፍልም ለሠራተኛ አትስጡ፤ ሁለቱን ለማዳን ሲባል ሁለቱም ይጠፋሉ።

ባልና ሚስት በአንድ ወረዳ የሚመደቡበት አንቀጽ አንድ መስመር ነው፤ ወጪ የለውም። ነርስ ያገባ መምህር ወረዳው ውስጥ መደብ ካለ ቅድሚያ ይሰጠው ብሎ የትምህርትና የጤና ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ደብዳቤ ቢፈራረሙ አዋጅም አያስፈልግ።

ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ደግሞ ከአካባቢው ሰው ማስተማር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣውና በ2021 ባደሰው የገጠር ጤና ባለሙያ መመሪያ የገጠር ልጅን መመልመል ዋና ምክር ነው። እኛም በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አይተነዋል፤ ከቀበሌዋ የተመረጠች ሠራተኛ ከሌላው ባለሙያ ይልቅ ትቆያለች። ይሁንና ደረጃዋን ማሻሻያ ካላገኘች እሷም ትሰለቻለች፤ ስለዚህ ወደ ደረጃ አራትና ከዚያም በላይ የምትማርበት ኮታ በሕጉ ይግባ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት ተማሪዎችን በዞኑ ጤና ጣቢያዎች ስለሚያሰማራ ለወረዳው ጥሩ በር ነው፤ ወረዳው ለተማሪዎቹ ማደሪያና ምግብ ቤት ካመቻቸ ከነሱ ውስጥ ተመልሶ የሚመጣ ይገኛል። ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ጤና መኮንኖችንም ከመጀመሪያዎቹ ካሠለጠኑት አንዱ ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነው። እንዲህ ዓይነት ባለሙያ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሲመደብ ግን ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያና ደም ከሌለ እጁ ታስሮ ይቀመጣልና ምደባው በቡድን እንጂ በነጠላ አይሁን።

ከውጭ የሚመጣውን ውድድርም አይርሱት። በአሜሪካ እያንዳንዱ ስቴት በዓመት እስከ 30 የሚደርሱ የውጭ ሐኪሞች ከሥልጠና በኋላ ወደ አገራቸው እንዳይመለሱ ማስፈቀድ ይችላል፤ ሐኪሙ በምላሹ ሦስት ዓመት የሐኪም እጥረት ባለበት ቦታ ያገለግላል። የእነሱ ገጠር በሕግ ከእኛ ላይ ይወስዳል ማለት ነው። ወረዳ ይህን ሊያስቆም አይችልም፤ ጥረቱን ለአዋላጅ፣ ለነርስና ለጤና መኮንን ቢያደርግ የሚሻለውም ለዚህ ነው።

የሥራው ጊዜ ሰሌዳ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የአራቱን ቁጥሮች ቆጠራ በጥር ይጨርሱ፤ የርቀት ደረጃውን ረቂቅ በየካቲት ወደ ዞን ይላኩ፤ የአበሉን፣ የዲዩቲውን፣ የወሊድ ምትኩንና የቤቱን ወጪ የያዘ ሠንጠረዥ በመጋቢት ለወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ይድረስ። የክልል ሕግ የሚፈልጉትን አንቀጾች በተለየ ወረቀት፣ እያንዳንዱን ከወጪውና ከሚከፍለው አካል ጋር፣ በመራጭ ወረዳችሁ የጨፌ አባል በኩል ያቅርቡ። ወጪ የሌለባቸውን ከላይ ያስቀድሙ፦ የ30 ቀን የዝውውር ገደብ፣ የባልና ሚስት ምደባ፣ ለጤና ጣቢያ የሚሰጥ የርቀት ደረጃ። ሠንጠረዡ ላይ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጎን የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ይፈርሙበት፤ የአንዱ ፊርማ ብቻ ያለበት ሰነድ በግንቦት «በጀት አልተያዘም» ተብሎ ይመለሳል።